“ፈሪ ለእናቱ” ይበሉህ፤ አንተ ግን ጉድጓዱን አይተህ ግባ!

በዚህ ገጽ የለመዳችሁት የፍቅር፣ የኩርፊያና የአማት ጣጣ ነው። ዛሬ ግን ይዘናችሁ ጉድጓድ ልንወርድ ነው። አይዟችሁ፣ የእኛ በወረቀት ላይ ነው። የእውነቱን የሚወርደው ወንድማችሁ፣ የሠፈራችሁ ልጅ፣ ወይም ውጤት አልመጣልህም ተብሎ “እስኪ ለጊዜው የቀን ሥራ ልሞክር” ያለው ጓደኛችሁ ነው። ማን ያውቃል፣ ይህን ጋዜጣ ሳይት ላይ ምሳ ጠቅልላችሁበት የምታነቡም ትኖሩ ይሆናል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በመገናኛ፣ በኮተቤ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ያለፈ ሰው ትርኢቱን ያውቀዋል። ሥራ ፈላጊው በየጥጉ ተኮልኩሏል። ያረጀ ጃኬት፣ በፌስታል የተቋጠረች የሥራ ልብስ፣ እጅ በኪስ። አንድ ፒክአፕ ይመጣና ይቆማል። “ለቁፋሮ ስድስት ሰው!” ይላል በመስኮት ብቅ ያለ ጭንቅላት። ከዚያ በኋላ ግፊያ ነው፤ የደረሰ ዘሎ ይጫናል። ስሙን የጠየቀው የለም። “ከዚህ በፊት ቆፍረህ ታውቃለህ ወይ?” ያለውም የለም። ጥቂት ቆይቶ ከእንጦጦ ግርጌ በአንዱ የየካ ተዳፋት ላይ፣ ከቁመቱ በላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ቆሞ ዶማ ያነሣል።

ስም አንሰጠውም። በየሳይቱ ስላለ ስም ብንሰጠው አንዱን ለይተን የነካን ይመስላል። ዝም ብለን “ልጁ” እንበለው።

ልጁ አፋፉ ላይ ሲቆም ሆዱን አንድ ነገር ይቆርጠዋል። ወደ ታች ያያል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ከአፉ ላይ የተቆለለው አፈር ወደ ውስጥ እየሾለከ ጠብ ጠብ ይላል። መውጫ መሰላል የለም። ሆዱ “ተው” ይለዋል። ግን ይገባል። ለምን ይገባል? የቀኑን ገንዘብ ስለሚፈልግ ነው ትላላችሁ፤ እውነት ነው። ከገንዘቡ እኩል የሚገፋው ግን ሌላ ነገር አለ። አፋፉ ላይ ለአፍታ ቢያመነታ ከጀርባው የሚመጣውን ሳቅ ያውቀዋል። “ኧረ ፈሪ ለእናቱ! ና ውጣና አፈር አቀብል፣ እኔ እገባለሁ!” ይባላል። ሃያ ዓመት ላልሞላው ወንድ ልጅ ይህ ሳቅ ከአፈሩ ይልቅ ይከብዳል።

እናቱስ? እስካሁን እሷን የጠየቃት የለም።

አፈር በኩንታል ሲመዘን

አፈር ቀላል ይመስላል። በአካፋ ስትዝቀው አንድ እፍኝ፣ ስትበትነው አቧራ። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር የሆነ አፈር ግን እንደ ዓይነቱና እንደ እርጥበቱ ከ15 እስከ 20 ኩንታል ይመዝናል። አንዲት ትንሽ የቤት መኪና በለው። የቦይ ግድግዳ ሲናድ ደግሞ የሚመጣው አንድ ሜትር ኩብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ጊዜም አይሰጥም። “ሲናድ ዘልዬ እወጣለሁ” የሚል ጎረምሳ በየሳይቱ አይጠፋም፤ ቀና ብሎ የሆነውን ከመረዳቱ በፊት ነገሩ አልቋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር እንንገራችሁ። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ስለሆነ ተርፏል እንላለን። አልተረፈም። አየር ሲያስወጣ ደረቱ ይሟሽሻል፤ አፈሩ ወዲያው የሟሸሸውን ቦታ ይሞላዋል። መልሶ አየር ልሳብ ሲል ደረቱ የሚነፋበት ቦታ ያጣል። እየተነፈሰ በሄደ ቁጥር ይጠብቅበታል። ስለዚህ ፊቱ ለሁሉም እየታየ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

የየካ መሬት ደግሞ ባሕርዩ ብዙ ነው። ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አለትና ቀይ አፈር ይገኛል፤ ቁልቁል ወደ ሜዳው ሲወረድ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ ይበዛል። አለቱ የታመነ ነው፤ ከተራራው ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ግድግዳ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ዋልካ ግን ሰው ያታልላል። በበጋ ሲደርቅ ዶማ የሚመልስ ግንብ ይሆናል። ልጁም “ይሄ እንኳን ሊናድ ለመቆፈርም እምቢ ብሏል” ብሎ ይተማመንበታል። ይኸው ግንብ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውኃ ሲገባ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሳይታሰብ እንደ ድፎ ዳቦ ተገምሶ ይወርዳል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ሙሌት ነው። ቀድሞ ተቆፍሮ፣ ቧንቧ ወይም ገመድ ተቀብሮበት፣ ተመልሶ የተሞላ አፈር ማለታችን ነው። ላዩ ተደልድሎ ሣር ቢበቅልበትም ውስጡ አልተያያዘም። አዲስ መስመር በአሮጌው ጎን ሲቆፈር ግድግዳው ይህንኑ ልል አፈር ተደግፎ ይቆማል። ከተማችን ደግሞ፣ በተለይ በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ፣ ተቆፍሮ ያልተሞላ ጥግ የቀራት አትመስልም። የፍሳሽ፣ የውኃ፣ የስልክ፣ የመብራት... አንዱ ሞልቶ ሲሄድ ሌላው ለመክፈት ይመጣል።

ተዳፋቱም ሌላ ጣጣ ነው። በኮረብታ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሜዳ ለማግኘት ኮረብታውን ከጎኑ መቁረጥ አለበት። ከተቆረጠው ገደል በላይ የጎረቤት አጥር ይኖራል፤ አንዳንዴም የጎረቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ። ከሥር የሚቆፍረው ልጅ ያንን አያየውም። ክብደቱንና ውኃውን የሚሸከመው ግን ራሱ የሚቆፍረው ግድግዳ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ እናንተ ዘንድ ሳይዘንብ ተራራው ላይ ጥሎ ጎርፉ ቁልቁል ሊመጣ ይችላል። “ዛሬ ፀሐይ ናት” ብሎ መግባት በየካ ብዙ ዋስትና አይደለም።

እሺ፣ ምን ይደረግ? ነገሩ ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። ቦታ ካለ የቦዩን አፍ አስፍቶ ግድግዳውን ማጋደል፣ ወይም እንደ ደረጃ እየቆረጡ መውረድ ነው። ቦታ ከሌለ ጎንና ጎኑን በጣውላና በጠንካራ አጣና መወጠር፤ እሱንም የሚያውቅ ሰው ለክቶ፣ ከላይ ጀምሮ። አንድ ያልተደገፈ ሰው ከሥር ገብቶ “ያዝልኝ” እያለ የሚደግፈው ድጋፍ ገና ከመጀመሪያው ያው ወጥመድ ነው።

አሜሪካኖች በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ 1.5 ሜትር የደረሰ ቦይ ጠንካራ አለት ካልሆነ በቀር ሳይደገፍ ወይም ሳይጋደል ሰው እንዲገባበት አይፈቅዱም። 1.5 ሜትር ማለት መካከለኛ ቁመት ያለውን ልጅ እስከ አንገቱ የሚደርስ ነው። ከዚያም ባነሰ፣ 1.2 ሜትር ላይ፣ መውጫ መሰላል የግድ ነው፤ እሱም ሠራተኛው ከ7.5 ሜትር በላይ ሳይሄድ የሚደርስበት ቦታ ላይ። የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የሚያውቅ ሰው በየቀኑ ሥራ ሳይጀመር፣ ዝናብም በዘነበ ቁጥር፣ ቦዩን ያያል። ደንብ ስላላቸው ሰው አይሞትባቸውም ወይ? ይሞታል። የመንግሥታቸው መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው በ2022 እ.ኤ.አ. 39 ሠራተኞች በቦይ ውስጥ አልቀዋል። ቁጥጥሩንና ትምህርቱን አጠበቁ፤ በ2023 ቁጥሩ 15 ሆነ። አፈሩ ያው አፈር ነው፤ የተለወጠው ከመግባት በፊት የሚሠራው ነገር ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ሁሉ ለልጁ ለማሳየት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ግማሽ ሰዓት። አፋፉ ላይ አቁሞ “ይህች ከአፉ ጋር ጎን ለጎን የምትሄድ ስንጥቅ ከታየች ውጣ፤ ግድግዳው ሆዱን ከነፋ ውጣ፤ ከሥር ውኃ ካመነጨ ውጣ፤ ሲኖትራክ አጠገብ ሲመጣ ውጣ፤ መውጫህ ይኸውና” ማለት ነው። ሻይ እስኪመጣ ያልቃል። ይህ ግማሽ ሰዓት ነው የጠፋው እንግዲህ።

በነገራችን ላይ ጉድጓድ ሁሉ የሚገድለው በመናድ ብቻ አይደለም። የድሮ ሽንት ቤት፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ የተበላሸ አየር ይታመቃል፤ የገባው ሰው ሳይጮህ ይወድቃል። ውኃ ለመምጠጥ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባትም ያው ነው፤ ጭሱ ቀስ ብሎ ያስተኛል። እንዲህ ያለ ሥራ “እንደ ቁፋሮ ነው” ብሎ የሚሰጥህ ሰው ቢመጣ አትቀበለው።

የእንጦጦ ባሕር ዛፍ

አሁን ከጉድጓዱ እንውጣና መሰላል እንውጣ።

አዲስ አበባ ያለ ባሕር ዛፍ አትታሰብም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ዛፍ ማገዶ ሆነ፣ ማገርና ምሰሶ ሆነ፤ ሕንፃው ሰማይ መንካት ሲጀምርም መወጣጫ ሆነ። ዛሬም የብረት ስካፎልዲንግ የገባበት ሳይት ቢኖርም በየመንደሩ አምስት ፎቅ የሚወጣው በአጣና ነው። አጣናው በራሱ ክፋት የለውም። ክፋቱ የሚመጣው ትናንት ከተቆረጠ እርጥብ አጣና ዛሬ መሰላል ሲሠራ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሚስማሩ ይላላል። ሰኞ የጠነከረው እርከን በሁለተኛው ሳምንት እግር ሲያርፍበት ይዞራል። ያውም ሚስማር የተቆጠበበት ከሆነ!

እዚያው ሳይት ላይ መሰላል የሚሠራ አናጢ እርከኑን ፊት ለፊት ለጥፎ በሚስማር ብቻ መምታት የለበትም። ቋሚውን በትንሹ ሰርስሮ እርከኑን ያስቀምጥበት፤ ወይም በየእርከኑ መሐል ቋሚው ላይ ድጋፍ እንጨት ይምታ፤ ያን ጊዜ ክብደቱን እንጨቱ ይሸከመዋል። ሲቆም ደግሞ ልኩ ቀላል ነው፦ አራት ሜትር ከፍ ካለ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ። ቀጥ ካለ ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ በጣም ከተኛ ከሥሩ ይሸሻል። ጫፉ ከምትወርድበት ወለል አንድ ሜትር ይለፍ፤ አለዚያ ስትወርድ የምትይዘው አየር ነው። ከላይ ይታሰር። “አንዱ ከሥር ይያዘው” የሚባለው ለአፍታ እንጂ ለቀኑ ሙሉ አይሠራም፤ ያዢው ሲጋራውን ይለኩሳል፣ ስልኩ ይጮህበታል፣ ቆንጆ ልጅ ታልፋለች።

ስትወጣ ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ሁልጊዜ መሰላሉን ይንኩ። የሲሚንቶ ባልዲ በአንድ እጅ ይዞ መውጣት ትርኢት ነው፤ ባልዲው በገመድ ይሳብ። የብረት መሰላል ወይም ረጅም ፌሮ ይዘህ በመብራት ገመድ አጠገብ አትለፍ። የየካ መንደሮች ገመዱ ከበረንዳው ምን ያህል እንደሚቀርብ ታውቁታላችሁ፤ አንዳንዱ ቤት ልብስ የሚሰጣበት ይመስላል።

“ሦስት ሜትር ምን አላት?” የሚል አይጠፋም። አለባት! ከሦስት ሜትር በጭንቅላቱ ወይም በጀርባው የወደቀ ሰው ተነሥቶ ላይሄድ ይችላል። የባሰው ደግሞ ከወደቀ በኋላ የምንሠራው ነው። አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን ይዞ እንደ ጆንያ ላዳ ውስጥ መክተት። አከርካሪው የተጎዳ ሰው በዚህ አያያዝ ሽባ ሊሆን ይችላል። ሳታንቀሳቅሱት ጭንቅላቱንና አንገቱን አጽኑለት፣ ልብስ አልብሱት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

የእንጨት መወጣጫ ምን ያህል እንደሚሸከም በዓይን ብቻ ለመገመት ለሚደፍር ሁሉ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም ከባድ ቀን ነበር። በአማራ ክልል ምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ በነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ የእንጨት መወጣጫ በበዓሉ ዕለት ሰው ከላዩም ከሥሩም እያለ ተደረመሰ። ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። እነዚያ ሠራተኞች አልነበሩም፤ ለበዓል የመጡ ምእመናን ናቸው። መወጣጫ ለጥቂት ግንበኞችና ለባልዲያቸው ተብሎ የሚቆም ነገር ነው። ሳይት አጠገብ የምታልፉም፣ “እስኪ ከላይ ሆነን ፎቶ እንነሣ” የምትሉም፣ ያንን ቀን አስቡ።

ወዳጅ ሲቀበር

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር ልንናገር ነው።

ጓደኛህ ተቀበረ እንበል። ምን ታደርጋለህ? ትዘላለህ። ኢትዮጵያዊ ነህና ትዘላለህ፤ “ወንድሜ!” ብለህ በእጅህ ትቧጥጣለህ። የናደው ግድግዳ ግን ያልተናደ ጓደኛ አለው። ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ድጋፉን አጥቷል፤ የቀረው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛው ናዳ የሚመጣው አዳኞቹ ሲሰበሰቡ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አገር ሁሉ አልቅሶበታል። ከዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ፤ የቀበሌው ሰው ጎረቤቱን ሊያወጣ ተሯሯጠ፤ እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ አዳኙንም ዋጠው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለማዳን የወጡ ነበሩ። የተፈጥሮ ተራራና በዶማ የተቆፈረ ቦይ መጠናቸው አይገናኝም። አፈሩ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ ነው።

ታዲያ ቆመን እንይ ወይ? አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ በ939 ወደ አዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን መደወል ነው። ቁጥሩን አሁኑኑ ስልክህ ላይ መዝግበው፤ በዚያ ሰዓት እጅህ ይንቀጠቀጣል። ስንት ሰው፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ በየትኛው መታጠፊያ፤ አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅ። በየካ ውስጥ ለውስጥ መንደር “ከሱቁ ጀርባ” የሚባል አድራሻ ስንት ደቂቃ እንደሚበላ የምታውቁት ናችሁ። ከዚያ ሕዝቡንና መኪናውን ከአፋፉ አርቁ። የተቀበረው ሰው መጨረሻ የታየበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። እስካቫተር ያለው ሰው ደግሞ እጁን ይሰብስብ፤ የማሽኑ ጥርስ አፈርና ሰው አይለይም። ፊቱ የሚታይ ከሆነና ከማይናድ ቦታ ሆናችሁ መድረስ ከቻላችሁ ከፊቱና ከደረቱ አፈሩን በእጅ ጥረጉለት፤ አናግሩት። በገመድ አስራችሁ አትጎትቱት።

ይህን ለማንበብ ቀላል ነው። ጓደኛህ እየጮኸ አለመዝለል ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። ለዚህ ነው ነገሩ ከመግባት በፊት ማለቅ ያለበት።

“ውል የለኝም” የሚሉት ነገር

ልጁን “መብትህን ታውቃለህ?” ብትሉት ይስቃል። “የቀን ሠራተኛ ነኝ እኮ! ምን ውል አለኝ?” ይላል። እዚህ ላይ ልጁ ተሳስቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። እንዲያውም አሠሪው በጽሑፍ ውል ካልሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ስለ ሥራው የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ይኸው አዋጅ አሠሪው የሥራውን አደጋና ጥንቃቄውን ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያ ሰጥቶ አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያዝዛል። እንዲያስረዳ! ያ የጠፋው ግማሽ ሰዓት ሕግ ውስጥ አለ ማለት ነው። አደጋ ሲደርስም የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በተገቢ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስና ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ለጊዜው ከሥራ የተለየ ተጎጂ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

ሕጉ ግን ሠራተኛውንም ይቆነጥጠዋል። በግልጽ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ የጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሰው ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ሊቆጠርበት ይችላል። ስለዚህ “ብርዱን ለመስበር” በጠዋት የምትቀመሰዋ አረቄ እግርን ብቻ አይደለም የምታንሸራትተው፤ ካሣንም ይዛ ትሄዳለች። ሌላም ወጥመድ አለ። ሥራውን እንደ ራሱ ንግድ በራሱ ኃላፊነት ተዋውሎ የያዘ ሰው በዚህ አዋጅ እንደ ሠራተኛ አይታይም። “በሜትር ይህን ያህል እሰጣችኋለሁ፣ ራሳችሁ ተወጡት” ስትባሉ በገንዘቡ ከመደሰታችሁ በፊት ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

እና በሆዱ ፈርቶ ለሚገባው ልጅ አንድ አንቀጽ፦ ሕይወትን የሚያሰጋ አደጋ እንዳለ ተነግሮት አሠሪው በጊዜው ካላስተካከለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ተመልከቱ፣ “ተነግሮት” ነው የሚለው። ስለዚህ መናገር ያስፈልጋል።

አነጋገሩን እናሳምረው

ግን እንዴት ይነገራል? አንቀጽ ጠቅሶ ፎርማን ፊት የሚቆም የቀን ሠራተኛ በሁለተኛው ቀን ፒክአፑ ላይ ቦታ አያገኝም። ይህን የማያውቅ አማካሪ ምክሩን ለራሱ ያድርገው። እዚህ ገጽ ላይ ለፍቅረኞች “አነጋገር ይወስናል” እንደምንለው፣ እዚህም ነገሩ ያው ነው።

“አልገባም!” ብሎ መጀመር ጠብ ነው። ጥያቄ ግን ሥራ ነው። “አለቃ፣ መሰላሉን በየት በኩል እናውርደው?” በል። መሰላሉ እንዳለ አድርገህ ስትጠይቅ “የለም” ማለት ለእሱም ያሳፍራል። “ጋሼ፣ ይህች ስንጥቅ ትናንትም ነበረች እንዴ?” በል፤ ቀርቦ ያያታል፤ አንዴ ካየ ደግሞ አላየሁም ማለት አይችልም። “አፈሩን ትንሽ ወደዚያ ገፋ እናድርገው፣ ሥራ ያቀላጥፋል” በል። ፎርማኑ ክፉ ስለሆነ አይደለም ብዙ ጊዜ፤ ከላዩ የሚያጣድፈው ተቋራጭ አለ፣ ከተቋራጩ ላይ ደግሞ ባለቤቱ። ጥያቄህ ሰበብ ትሆንለታለች።

ብቻህን አትናገር። ጠዋት ፒክአፑ ላይ አጠገብህ ከተቀመጠው ጋር ተማከር። አንድ ሰው ሲያመነታ ፈሪ ይባላል፤ ሦስት ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ መሰላል ሲጠይቅ ግን የሚስቅ አይኖርም።

አንቺም እህቴ፣ ሳይት ላይ ያለሽ ድርሻ አፈር ማቀበል፣ ድንጋይና ባሬላ መሸከም ብቻ ተደርጎ ከታየ ስህተት ነው። ከላይ የቆመ ሰው ነው ስንጥቁን ቀድሞ የሚያየው። ከሥር ያለው ዓይኑ ዶማው ላይ ነው። ስለዚህ ከወንዶቹ ጋር ጠዋት ተስማሙ፤ አንቺ “ውጣ!” ካልሽ ያለ ክርክር፣ ያለ “ምን አይተሽ ነው?” ይወጣል። ውጭ ሆኖ ይጠይቅሽ። አሥር ጊዜ በከንቱ ብትጮሂ አሥር ጊዜ አምስት ደቂቃ ጠፋ፤ በቃ።

ቤት ለሚያሠሩ ደግሞ፣ ከአንባቢዎቻችን መሐል አባቱ ኮተቤ ወይም ካራ ላይ ቤት የሚያሠራ አይጠፋም፤ ቅዳሜ የሳምንቱን ሒሳብ ለመክፈል ስትሄዱ የሲሚንቶ ከረጢት ብቻ አትቁጠሩ። ቦዩ ውስጥ መሰላል አለ ወይ? የወጣው አፈር አፋፉ ላይ ተቆልሏል ወይ? የጎረቤት አጥር ከተቆረጠው ምን ያህል ይርቃል? የጣውላና የአጣና ገንዘብ ሲጠየቁ “ለምን ይሄ ሁሉ?” የሚሉት አባት ልጃቸው ቢጠይቃቸው ይሻላል። “አባዬ፣ እኔ ብገባበት ትፈቅድልኛለህ?” በሏቸው።

ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም እጁን ታጥቦ ሲሄድ ቦዩ እዚያው ይቀራል። የየካ ውስጥ ለውስጥ መንገድ መብራት በሌለበት ምሽት፣ ከሱቅ ዳቦ ገዝታ የምትመለስ ሕፃን ያንን ቦይ አታየውም። ከመሄዳችሁ በፊት ጣውላ አጋድሙበት፣ ዙሪያውን በአጣና አጥሩ፣ ነጭ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥሉበት። መሰላሉንም አውጥታችሁ ወደ መጋዘን አስገቡት፤ ሌሊት ዝናብ ካደረ ደግሞ ጠዋት ማንም ከመግባቱ በፊት አፋፉን ዞራችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።